የሻወር መደርደሪያ

የሻወር መደርደሪያ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ በሚፈስበት ቦታ ወይም በአጠገቡ ተሰቅሎ፣ ተጣብቆ ወይም ቆሞ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ ምላጭ፣ የገላ መፈተጊያና የመሳሰሉት ዕቃዎች የሚቀመጡበት መደርደሪያ ነው። ከሌሎች የቤት መደርደሪያዎች የሚለየው በየቀኑ ሙቅ ውሃ፣ እንፋሎት፣ ሳሙናና የጽዳት ኬሚካል የሚነካው በመሆኑ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን በአብዛኛው የሚወስነው የሚሸከመው ክብደት ሳይሆን ዝገትን የመቋቋም አቅሙ ነው።

በገበያ ላይ የሚገኙት የብረት መደርደሪያዎች አዲስ ሳሉ በዓይን ብቻ ለመለየት ያስቸግራሉ። በክሮም የተለበጠ ተራ ብረትም ሆነ ስቴንለስ ስቲል (የማይዝግ ብረት) እኩል ያብረቀርቃሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው ከጥቂት ወራት አገልግሎት በኋላ ነው። ዝገቱም የሚጀምረው ከፊት ለፊቱ ገጽ ሳይሆን ከማይታዩ ቦታዎች፣ ማለትም ከተቆረጠ ጫፍ፣ ከብየዳ፣ ከብሎን ሥርና ውሃ ከሚቋጥር ማዕዘን ነው።

ዝገት በመታጠቢያ ቤት ውስጥ

ዝገት ብረት ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ቀይ ቡናማ ውሁድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ብረት አይዝግም፤ በሻወር ውስጥ ግን ሁለቱም ዘወትር አሉ። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እየተነፋ ይላጣል። ሲላጥም በላዩ ያለውን ቀለም ወይም ልባጥ ይዞ ይነሣና ከሥሩ ያለውን ያልተነካ ብረት ለውሃ ያጋልጣል። በዚህ ምክንያት በአንድ ነጥብ የጀመረ ዝገት በራሱ አይቆምም።

ዝገትን የሚያፋጥኑ ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

• ዕቃው እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ። መስኮት ወይም የአየር መሳቢያ የሌለው መታጠቢያ ቤት፣ በተለይ በክረምት፣ ከአንዱ መታጠብ እስከ ሌላው ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል።
• ክሎራይድ። ይህ በገበታ ጨው፣ በላብ፣ በባሕር ዳርቻ አየርና በበረኪና ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ስቴንለስ ስቲልን ሳይቀር ይጎዳል።
• ሙቀት። ሙቅ ውሃ ኬሚካዊ ለውጡን ያፈጥነዋል።
• የሁለት ዓይነት ብረቶች መነካካት። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በውሃ ውስጥ ሲነካኩ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠርና ደካማው ከብቻው ይልቅ ቶሎ ይበላል።

አካባቢም ለውጥ ያመጣል። በጅቡቲ፣ በምጽዋ፣ በጅዳ ወይም በዱባይ ያለ መታጠቢያ ቤት ከባሕር የሚመጣ ጨው ያለበት አየር ይገባበታል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከባሕር የራቁ ደጋማ ከተሞች ይህ ችግር የለም። ይሁን እንጂ በእነዚህ ከተሞች ለወለልና ለሴራሚክ ጽዳት የሚውለው በረኪና የባሕሩን ጨው ቦታ ሊተካ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ደግሞ በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚቀመጥ ክዳን የሌለው በርሜል የክፍሉን እርጥበት ያባብሳል።

ታሪክ

ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ በስፋት ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ በቀለጠ ዚንክ መንከር ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ስታኒስላ ሶሬል እ.ኤ.አ. በ1837 ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ለጌጥ የሚያገለግለው የክሮም ልባጥ ለገበያ የበቃው በ1920ዎቹ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የቧንቧና የመታጠቢያ ቤት ዕቃዎች የተለመደ መልክ ሆኗል።

ስቴንለስ ስቲል በተለያዩ አገሮች በተመሳሳይ ጊዜ የተገኘ ነው። በጀርመን የክሩፕ ኩባንያ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1912 የክሮሚየምና የኒኬል ቅይጥ ያለበትን ብረት በፈጠራ መብት አስመዘገቡ። በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ደግሞ ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ክሮሚየም የበዛበትን ቅይጥ አገኘ፤ ይህም በመጀመሪያ ለቢላዋ መሥሪያ ዋለ። ዛሬ ለርካሽ መደርደሪያዎች የሚያገለግለው ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ለገበያ የቀረበው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው።

የመሥሪያ ቁሶች

ልባጥ ያለው ተራ ብረት

በብዛት የሚሸጡት ርካሽ የሽቦ መደርደሪያዎች ከተራ ብረት ተሠርተው በክሮም የተለበጡ፣ ቀለም የተቀቡ ወይም ፕላስቲክ የለበሱ ናቸው። የጌጥ ክሮም ልባጥ እጅግ ስስ ነው፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ ክፍል በታች ነው። ብረቱን በዋናነት የሚጠብቀው ከክሮሙ ሥር ያለው የኒኬል ንጣፍ ነው። የኒኬሉ ንጣፍ ከሳሳ ወይም ከተጫረ ውሃ ወደ ብረቱ ይደርሳል።

ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ መጀመሪያ ላይ ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን ልባጡ በሽቦው ጫፍ ላይ ከተሰነጠቀ ውሃ በፕላስቲኩና በብረቱ መካከል ገብቶ ሳይደርቅ ይቆያል። ዝገቱ ከውስጥ ስለሚሄድ የሚታወቀው ፕላስቲኩ ሲነፋ ወይም ሽቦው ሲሰበር ነው። በዱቄት ቀለም ተቀብቶ በሙቀት የተጋገረ ብረት ከተራ ቀለም የተሻለ ቢሆንም ድክመቱ ያው ነው፤ ጥበቃው ልባጡ እስካልተነካ ድረስ ብቻ ነው።

ስቴንለስ ስቲል

ስቴንለስ ስቲል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን ይጠግናል። ከክሮም ልባጥ የሚለየው በዚህ ነው፤ የመከላከል አቅሙ በገጹ ላይ ብቻ ሳይሆን በመላ አካሉ ውስጥ አለ። በቤት ዕቃ ላይ የሚገኙት ዋና ዋና ደረጃዎች እነዚህ ናቸው።

• 201፦ ከኒኬሉ የተወሰነው በማንጋኒዝ የተተካ ነው። ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ዝገትን የመቋቋም አቅሙ ግን ከ304 ያነሰ ነው።
• 430፦ ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም ሲኖረው ኒኬል በቅይጡ ውስጥ አይጨመርበትም። ለደረቅ ቦታና ለወጥ ቤት ዕቃ ይስማማል፤ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ ቦታ ግን ሊዝግ ይችላል።
• 304፦ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። በዚህ ምክንያት 18/8 እየተባለም ይጠራል። ከባሕር ለራቀ መታጠቢያ ቤት በቂ ነው።
• 316፦ ከክሮሚየምና ከኒኬል በተጨማሪ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም አለው። ክሎራይድን በተሻለ ስለሚቋቋም ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ይመረጣል።

መሐንዲሶች እነዚህን ደረጃዎች ለማነጻጸር የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የክሮሚየሙ መቶኛ፣ የሞሊብዲነሙ መቶኛ በ3.3 ተባዝቶና የናይትሮጅኑ መቶኛ በ16 ተባዝቶ ይደመራሉ። ድምሩ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ የነጥብ ዝገትን ይበልጥ ይቋቋማል። በዚህ ስሌት 304 ወደ 18 እና 19፣ 316 ደግሞ ወደ 24 ይደርሳል።

«የማይዝግ» የሚለው ስም ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይደለም። ኦክስጅን በማይደርስበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ ለምሳሌ ከብሎን ጭንቅላት ወይም ከጎማ ሥር፣ ሽፋኑ ራሱን መጠገን ስለማይችል ዝገት ሊጀምር ይችላል። ብየዳም ሌላው ደካማ ቦታ ነው። በያጁ ለስቴንለስ የተዘጋጀውን ኤሌክትሮድ ትቶ የተራ ብረት ኤሌክትሮድ ከተጠቀመ፣ ወይም በሙቀት የጠቆረውን ቦታ ሳያጸዳ ከተወው፣ ጥሩ ብረትም ቢሆን በብየዳው መስመር ላይ ይዝጋል።

አሉሚኒየም

አሉሚኒየም በውስጡ ብረት እንደ ዋና ንጥረ ነገር ስለሌለው ቀይ ዝገት አያወጣም። በገጹ ላይ የሚፈጠረው የኦክሳይድ ሽፋን ይጠብቀዋል። ይህ ሽፋን በፋብሪካ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲወፍር ሲደረግ ይበልጥ ይጠነክራል። ክብደቱ ከብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ በመሆኑ በሙጫ ለሚጣበቁ መደርደሪያዎች ያመቻል። ድክመቱ በበረኪናና ጠንካራ አልካሊ ባለባቸው የጽዳት ውህዶች መጎዳቱ ነው፤ በዚያን ጊዜ ገጹ ይደበዝዛል ወይም ነጭ ዱቄት ያወጣል።

ናስ

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን እሱም ቀይ ዝገት አያወጣም። ጥራት ያላቸው ቧንቧዎችና የሳሙና ማስቀመጫዎች ከናስ ተሠርተው በክሮም ይለበጣሉ። ክሮሙ ቢላጥ እንኳ ከሥሩ ያለው ናስ ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ይሆናል እንጂ እንደ ተራ ብረት ተበልቶ አይፈርስም። ዋጋው ከፍተኛ፣ ክብደቱም ከባድ ስለሆነ በብሎን መታሰር አለበት።

ፕላስቲክ

ፖሊፕሮፒሊን፣ ኤቢኤስና ፒቪሲ የተባሉት ፕላስቲኮች አይዝጉም። በዝገት ብቻ ከተመዘነ ጥሩ ፕላስቲክ ከመጥፎ ብረት ይበልጣል። ይሁን እንጂ ስስ ፕላስቲክ በክብደት ይጎብጣል፣ በፀሐይ ብርሃን ይደርቃል፣ መንጠቆውም ይሰበራል። አንዳንድ የፕላስቲክ መደርደሪያዎች በውስጣቸው የተራ ብረት ዘንግ፣ ስፕሪንግ ወይም ብሎን ስላላቸው ከዚያ በኩል ዝገት ያንጠባጥባሉ።

እንጨት

በዓለም ገበያ ለመታጠቢያ ቤት በይበልጥ የሚታወቀው እንጨት በተፈጥሮ ቅባት ያለው ቲክ ነው። በኢትዮጵያ የጥድ እንጨት መበስበስንና ምስጥን በመቋቋም ይታወቃል፤ ለአጥር ቋሚና ለቤት ሥራ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀርከሃ ርካሽና ቀላል ቢሆንም ገጹ በሚገባ ካልታሸገ ሻጋታ ይይዛል። ማንኛውም የእንጨት መደርደሪያ ውሃ በቀጥታ ከማይወርድበት ቦታ ቢቀመጥና አየር ከሥሩ ቢያገኝ ይበጃል። የእንጨቱ ጥራት ምንም ያህል ቢሆን የሚያያይዙት ብሎኖች የማይዝጉ መሆን አለባቸው።

መስታወትና ድንጋይ

በሙቀት የጠነከረ መስታወት፣ ግራናይትና ሴራሚክ አይዝጉም። እብነ በረድ ግን አሲድ ስለሚበላው ሎሚ፣ ኮምጣጤና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ሊነካው አይገባም። የመስታወት መደርደሪያ ላይ ዕድሜውን የሚወስነው መስታወቱ ሳይሆን የያዘው የብረት ክንድ ነው።

ቅርጽና የውሃ አወራረድ

ከጥሩ ቁስ የተሠራ መደርደሪያም ውሃ ከቋጠረ ይበላሻል። ወለሉ ጠፍጣፋ ላሜራ የሆነ መደርደሪያ በቂ ቀዳዳ ከሌለው የሳሙና ውሃ በላዩ ይረጋል። ዘንጎቹ የተራራቁ ወይም ወለሉ የተበሳሳ መደርደሪያ ቶሎ ይደርቃል። ሳሙና የሚቀመጥበት ክፍል ከሌላው ይበልጥ ክፍት መሆን አለበት፤ ሳሙናውም አይሟሟም።

ከክፍት ቱቦ የተሠሩ መደርደሪያዎች የተለየ ትኩረት ይፈልጋሉ። የቱቦው ጫፍ በብየዳ ካልታሸገ ወይም የፕላስቲክ ክዳኑ ከወለቀ ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣል። ቱቦው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ድፍን ዘንግ ይህ ችግር የለበትም።

በጓሮ ወይም በሰፈር ብረታ ብረት ቤት ከቱቦላሬና ከላሜራ የሚሠሩ መደርደሪያዎች በልክ መሠራታቸው ጥቅም ነው። ዝገትን እንዲቋቋሙ ግን ብየዳውና መቁረጡ ካለቀ በኋላ ተጠርገው በፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያም በዘይት ቀለም መቀባት አለባቸው። ዚንክ ያለው ብረት በሚበየድበት ቦታ ዚንኩ ስለሚቃጠል የብየዳው መስመር ተለይቶ መቀባት ይኖርበታል።

አሰቃቀል

በብሎን ማሰር

በብሎን የታሰረ መደርደሪያ ከሁሉም ይበልጥ ክብደት ይችላል። ግድግዳው ይበሳና ፊሸር ገብቶ ብሎኑ ይጠብቃል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ የብሎኬቱ ባዶ ክፍል ከተገኘ ተራ ፊሸር አይዝም፤ ለክፍት ብሎኬት የተሠራ፣ ከውስጥ የሚከፈት ፊሸር ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የብሎኑ ዓይነት ነው። የስቴንለስ መደርደሪያ በተራ ብረት ብሎን ከታሰረ ትንሹ ብሎን ከሰፊው ስቴንለስ ጋር ስለሚነካካ በፍጥነት ይዝጋል። መደርደሪያው ምንም ሳይሆን የብሎኑ ዝገት በሴራሚኩ ላይ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ብሎኑ ተበልቶ መደርደሪያው ይወድቃል። ስለዚህ የስቴንለስ መደርደሪያ የስቴንለስ ብሎን ያስፈልገዋል። የብሎኑ ቀዳዳም በሲሊኮን መታሸግ አለበት፤ ካልታሸገ ውሃ ከሴራሚኩ ጀርባ ገብቶ ግድግዳውን ያረጥባል።

ከመብሳት በፊት የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፉበት ቦታ መታወቅ አለበት። ቱቦዎች ብዙውን ጊዜ ከቧንቧው ወይም ከሻወር መክፈቻው ወደ ላይና ወደ ታች፣ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ወደ ቦይለር ይሄዳሉ። በእነዚህ መስመሮች አቅጣጫ አይበሳም።

ማጣበቅና ተጣባቂ ጎማ

በሙጫ ወይም በሁለት ገጽ ፕላስተር የሚጣበቁ መደርደሪያዎች ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድላቸው ተከራዮች ያመቻሉ። የሚይዙት በለስላሳ፣ በንጹሕና በደረቅ ሴራሚክ ላይ ነው። ሙጫው ዕቃ ሳይጫንበትና ሳይረጥብ አምራቹ የጻፈውን ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ሙጫው ቢይዝም ቀለሙ ራሱ ተላጥቶ ሊወርድ ይችላል።

ተጣባቂ ጎማ የሚይዘው በአየር ግፊት ነው። ከጎማው ሥር ያለው አየር ተገፍቶ ሲወጣ የውጭው አየር ጎማውን ወደ ግድግዳው ይጫነዋል። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን፣ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጎማ በአዲስ አበባ ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ኃይል ከባሕር ጠለሉ በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የክብደት መጠን በዝቅተኛ ቦታ የተለካ ከሆነ በደጋ ከተሞች ሙሉ በሙሉ ሊታመንበት አይገባም።

ክብደቱን መገመት ቀላል ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ሙሉ የሻምፑ ጠርሙስ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አራት ጠርሙስ የሚደረደርበት መደርደሪያ የራሱን ክብደት ሳይጨምር አራት ኪሎ ያህል መሸከም አለበት።

ማንጠልጠልና ማቆም

በሻወሩ ቧንቧ ላይ የሚንጠለጠል መደርደሪያ ብሎንም ሙጫም አይፈልግም። ሆኖም ክብደቱ በሙሉ በቧንቧው አንገት ላይ ስለሚያርፍ የቧንቧውን መጋጠሚያ ሊያላላ ይችላል፤ የብረት መንጠቆውም የቧንቧውን ክሮም ይጭራል። መንጠቆው ጎማ የለበሰ ቢሆን ይሻላል። በወለል ላይ የሚቆሙ መደርደሪያዎች ደግሞ እግራቸው ሁልጊዜ በውሃ ውስጥ ስለሚሆን ከሁሉ በፊት የሚዝገው እግራቸው ነው። ከእግሩ ሥር ያለው የጎማ ጫማ ሲጠፋ ወዲያው መተካት አለበት።

በግድግዳ ውስጥ የሚሠራ መደርደሪያ

ሌላው አማራጭ ምንም ብረት የሌለበት፣ በግድግዳው ውስጥ ጎድጎድ ተደርጎ በሴራሚክ የሚለበስ መደርደሪያ ነው። ዕቃን በግድግዳ ውስጥ በተሠራ ጎድጓዳ ቦታ ማስቀመጥ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሐረሪ ባህላዊ ቤት በግድግዳው ውስጥ በተሠሩ የዕቃ ማስቀመጫዎች ይታወቃል።

በሻወር ውስጥ ሲሠራ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። የመጀመሪያው የግድግዳ ውፍረት ነው። የሻምፑ ጠርሙስ ለማስቆም 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ስለሚያስፈልግ በ10 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት የተሠራ ግድግዳ አይበቃም፤ 20 ሴንቲ ሜትር ያለው ያመቻል። ክብደት ተሸካሚ የሆነ ግድግዳ ወይም የኮንክሪት ምሰሶ ያለ መሐንዲስ ምክር አይቦረቦርም። ሁለተኛው ውሃ መከላከያ ነው። ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት የጎድጓዱ ውስጥ በሙሉ በውሃ መከላከያ መቀባት፣ ወለሉም ውሃ ወደ ሻወሩ እንዲፈስ በትንሹ ማዘንበል አለበት። ይህ ካልተደረገ እርጥበቱ በግድግዳው ጀርባ ወዳለው ክፍል ይወጣል። ጥገናውም ሴራሚኩን ማፍረስ ይጠይቃል።

በሚገዛበት ጊዜ የሚደረግ ማጣራት

የመደርደሪያን ቁስ በሱቅ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማረጋገጥ ባይቻልም አብዛኛውን መጥፎ ዕቃ መለየት ይቻላል።

ማግኔት። ተራ ብረት፣ ክሮም ቢለበጥም ባይለበጥም፣ ማግኔትን አጥብቆ ይስባል። 430 ስቴንለስም ይስባል። 304 እና 316 በመሠረቱ አይስቡም፤ የታጠፉ ወይም የተጎተቱ ክፍሎቻቸው ግን በጥቂቱ ሊስቡ ይችላሉ። 201ም አይስብም። ስለዚህ ማግኔት አጥብቆ የሚስብ ዕቃ ለሻወር እንደማይመረጥ ያሳያል፤ የማይስብ ዕቃ ግን 304 ነው ብሎ አያረጋግጥም።

ጫፍና ብየዳ። መደርደሪያው ተገልብጦ የሽቦዎቹ ጫፍና መገናኛ ይታያል። ቀለሙ ወይም ክሮሙ ያልደረሰበት፣ የሸከረ፣ የጠቆረ ወይም ቡናማ ነጥብ ያለው መገናኛ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳለ ዝገት ጀምሯል ማለት ነው።

አብረው የሚመጡት ዕቃዎች። በማሸጊያው ውስጥ ያሉት ብሎኖች በማግኔት ይፈተሻሉ። ብዙ አምራቾች መደርደሪያውን ከጥሩ ብረት ሠርተው ብሎኑን ከተራ ብረት ያደርጋሉ።

ጽሑፍ። «አይዝግም» ወይም «ስቴንለስ» የሚል ቃል ብቻ የብረቱን ደረጃ አይገልጽም። ደረጃው በቁጥር የተጻፈበትና ሻጩ በደረሰኝ ላይ የሚያሰፍረው ዕቃ የተሻለ ዋስትና አለው። አንዳንድ ማሸጊያዎች የጨው ርጭት ሙከራ ሰዓት ይጠቅሳሉ። ይህ ሙከራ 5 በመቶ ገደማ ጨው ያለበትን ውሃ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በዕቃው ላይ ያለማቋረጥ በመርጨት የሚደረግ ነው። ልባጦችን እርስ በርስ ለማነጻጸር ይረዳል፤ የሙከራው ሰዓት ግን በቀጥታ ወደ አገልግሎት ዓመት አይለወጥም።

ወጪ

የመደርደሪያ ዋጋ ከዕድሜው ጋር ሲታይ የተለየ ትርጉም ይኖረዋል። ለምሳሌ 600 ብር የተገዛ መደርደሪያ 2 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 300 ብር ወጣበት ማለት ነው። 1,800 ብር የተገዛው 12 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 150 ብር ይሆናል። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ የሚያሳዩት ግን ሦስት እጥፍ የተከፈለበት ዕቃ በመጨረሻ ግማሽ ዋጋ ሊያስወጣ እንደሚችል ነው። በርካሹ ላይ የተበላሸ ሴራሚክ ማጽዳት፣ ግድግዳ እንደገና መብሳትና የሠራተኛ ክፍያ ሲደመሩ ልዩነቱ ይሰፋል።

ለጥሩ ብረት ገንዘብ በማይበቃበት ጊዜ ርካሽ ክሮም ከመግዛት ብረት የሌለበት ወፍራም ፕላስቲክ መግዛት ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ጽዳትና አያያዝ

የስቴንለስ መደርደሪያ በለስላሳ ጨርቅ፣ በውሃና በተራ ሳሙና ይጸዳል። በከተሞች ውሃ ውስጥ ካለው ማዕድን የሚፈጠረው ነጭ ቅርፊት በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ይለቃል፤ ከዚያ በብዙ ውሃ መታጠብና መድረቅ አለበት። ሎሚ ቀላል የዝገት እድፍንም ያስለቅቃል። በሎሚው ላይ ጨው ጨምሮ መፈተግ ለሌላ ዕቃ የተለመደ ቢሆንም ለስቴንለስ አይመከርም፤ ጨው ክሎራይድ ነው።

ከተራ ብረት የተሠራ የሽቦ መፈተጊያ በስቴንለስ ላይ መጠቀም አይገባም። መፈተጊያው ገጹን ከመጫሩም በላይ ጥቃቅን የብረት ብናኝ ትቶ ይሄዳል። በማግስቱ የሚዝገው ብናኙ ሲሆን ባለቤቱ ግን መደርደሪያው የዛገ ይመስለዋል።

በረኪና ለወለልና ለሴራሚክ ጽዳት ሲውል መደርደሪያውን ከነካው ወዲያው በውሃ መታጠብ አለበት። የበረኪና ጠርሙስ ራሱም በሻወር መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ክዳኑ በደንብ ካልተዘጋ የሚወጣው ትነት በአጠገቡ ያሉትን ብረቶች ያዝጋል።

ዝገትን ከሁሉ ይበልጥ የሚቀንሰው ማድረቅ ነው። ከመታጠብ በኋላ መስኮት መክፈት፣ ጠርሙሶቹን አልፎ አልፎ አንሥቶ ከሥራቸው ያለውን ውሃ መጥረግና ተጣባቂ ጎማዎችን ነቅሎ ማጽዳት ለማንኛውም ቁስ ይጠቅማል።

ደኅንነት

የዛገ መደርደሪያ የመልክ ችግር ብቻ አይደለም። የተላጠ ልባጥና የተሰበረ ሽቦ እጅና እግር ይቆርጣል፤ በብሎኑ ዝገት የላላ መደርደሪያ ደግሞ ከነጠርሙሱ በሚታጠብ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ዝገት በራሱ ቴታነስን (መንጋጋ ቆልፍን) ያመጣል የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው በአፈር፣ በአቧራና በእንስሳት እበት ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በማንኛውም ቁስል፣ ንጹሕ በሚመስል ዕቃ በተቆረጠም ቢሆን፣ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በዛገ ብረት የተቆረጠ ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብና ስለ ክትባቱ ጤና ተቋም መጠየቅ አለበት።

ዝገትን ለማስለቀቅ ኬሚካል መቀላቀል አደገኛ ነው። በረኪና ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ከአሞኒያ ጋርም መርዛማ ትነት ይፈጥራል። በጠባብና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ይህ ሕይወትን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ሽታው ከተሰማ ክፍሉን ለቆ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ያስፈልጋል።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ምላጭና ኬሚካል በታችኛው መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም።

የዛገ መደርደሪያን ማደስ

ቀለም የተቀባ ብረት ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ሊታደስ ይችላል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረቱ ድረስ ይፋቃል፤ ከደረቀ በኋላ ፀረ ዝገት ቀለም፣ በላዩም የዘይት ቀለም ይቀባል። በዝገት ላይ በቀጥታ የተቀባ ቀለም ግን ብዙ ሳይቆይ ይላጣል። ክሮሙ የተላጠ መደርደሪያ በቤት ውስጥ እንደገና ሊለበጥ አይችልም፤ ውስጡ የተበላ ቱቦም ቀለም አያድነውም።

አገልግሎቱን የጨረሰ መደርደሪያ ወደ ቆሻሻ ከመጣል ለቆራሊዮ ቢሰጥ ይሻላል። ብረት፣ ስቴንለስ፣ አሉሚኒየምና ናስ ሁሉም ቀልጠው እንደገና ጥቅም ላይ ይውላሉ። ከመሰጠቱ በፊት ደኅና የሆኑት የስቴንለስ ብሎኖችና ጎማዎች ቢፈቱ ለሚቀጥለው መደርደሪያ ያገለግላሉ።